ሕፃን የማይከፍተው ክዳን

በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ማዕድ ቤቶች ኮስቲክ ሶዳ የያዘ ቆርቆሮ የተለመደ ዕቃ ነበር። ባለቤቲቱ ከእንስሳት ስብ ጋር አፍልታ ሳሙና ትሠራበታለች፤ የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ ትከፍትበታለች፤ ወለል ትፈትግበታለች። ነጭ ስለሆነ ላየው ሰው ስኳር ይመስላል። መዳህ የጀመረ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮስቲክ ሶዳ የዋጠ ልጅ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይሞትም። ኬሚካሉ አፉንና ጉሮሮውን ይለበልባል፤ ወደ ጨጓራ የሚወርደውን የምግብ ቧንቧም ያቆስላል። ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ሲጠግግ ጠባሳው ይኮማተርና ቧንቧውን ያጠበዋል። መጀመሪያ ዳቦ፣ ቀጥሎ ሾርባ፣ በመጨረሻም ውኃ አላልፍ ይላል። ልጁ ምግብ ባለበት ቤት በረሃብ ያልቃል።

እነዚህን ልጆች ተቀብለው ያክሙ ከነበሩት አንዱ በ1865 ፒትስበርግ የተወለዱት የጉሮሮ ሐኪም ዶክተር ሼቫሊየር ጃክሰን ነበሩ። ጃክሰን መብራት የተገጠመለት ቀጭን ቱቦ በአፍ እያስገቡ የምግብ ቧንቧን ውስጡን ማየት የሚያስችለውን ሙያ ካሻሻሉትና ለሌሎች ካስተማሩት ግንባር ቀደሙ ናቸው። ሰዎች የዋጧቸውን ሳንቲሞች፣ መርፌ ቁልፎች፣ አዝራሮችና አጥንቶች እያወጡ አስቀመጡ፤ ከ2,000 በላይ የሆኑት እነዚህ ዕቃዎች ዛሬ ፊላደልፊያ በሚገኘው ሙተር ሙዚየም ይታያሉ። ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቋቸው ግን ኮስቲክ ሶዳ የዋጡት ልጆች ነበሩ። በ1938 ባሳተሙት ግለ ታሪካቸው ውኃ እንኳ መዋጥ ስላቃታት አንዲት ልጅ ይተርካሉ። ቧንቧዋን የደፈነውን ነገር በመሣሪያ አውጥተው ውኃ ሲሰጧት ልጅቱ እንዳያንቃት እየፈራች ቀመሰችው። ወረደላት። ደግማ ተጎነጨች፤ ከዚያም የሐኪሙን እጅ ሳመች።

ጃክሰን ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበበ ጉሮሮ ሲያሰፉ ቢኖሩ፣ ቆርቆሮው በየቤቱ ሌላ ታካሚ እያዘጋጀ እንደሚልክላቸው ገብቷቸው ነበር። ስለዚህ ከሕክምና ክፍላቸው ወጥተው ሕግ አውጪዎችን መወትወት ጀመሩ፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም ከጎናቸው ቆመ። ውትወታው ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ መጋቢት ወር 1927 ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ የሚለበልቡ መርዞችን የሚመለከተውን የፌዴራል ሕግ ፈረሙ። ለቤት አገልግሎት የሚሸጥ ኮስቲክ ሶዳና መሰሎቹ በማሸጊያቸው ላይ «መርዝ» የሚል ቃል በጉልህ እንዲጻፍባቸው፣ በስህተት የዋጠ ሰው ምን እንደሚደረግለትም እንዲገለጽ ግዴታ ሆነ።

ሕጉ ትልቅ ድል ነበር፤ እናትና አባት በእጃቸው የያዙት ምን እንደሆነ እንዲያውቁ አደረገ። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ፊደል አልቆጠረም። ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ማንበብ ለሚችል ሰው መሆኑን፣ አደጋው የሚደርሰው ደግሞ ማንበብ በማይችለው ላይ መሆኑን አይቶ ሌላ መፍትሔ ለመፈለግ ተጨማሪ አርባ ዓመታት አለፉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቤት ውስጥ ያለው መርዝ በዓይነትም በብዛትም ጨመረ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የጽዳት ኬሚካሎች፣ የነፍሳት መግደያና የቀለም ማቅጠኛ ተደረደሩ፤ የመድኃኒት ሣጥኑም ሞላ። በ1947 ፕላው የተባለው ኩባንያ ብርቱካን ብርቱካን የሚል የልጆች አስፒሪን ለገበያ አቀረበ። ትኩሳት ላለበትና መድኃኒት አልውጥም ብሎ ለሚያለቅስ ልጅ ይህ ግልግል ነበር። ብዙ ወላጆችም «ከረሜላ ነው» እያሉ ሰጡት። ልጁ ቃላቸውን አመነ፤ ሰው ዞር ሲል ወንበር ላይ ወጥቶ የቀረውን ከረሜላ ጨረሰው።

እያንዳንዱ የልጆች ኪኒን የያዘው አስፒሪን 81 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ጠርሙሱን ሙሉ የዋጠ ትንሽ ልጅ ግን ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሰውነቱ ይግላል፤ ደሙ አሲድ ይበዛበታል፤ ሲብስም ራሱን ስቶ ይወድቃል። በ1950ዎቹ አስፒሪን በአሜሪካ ሕፃናትን ከሚመርዙት ነገሮች የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ። በሰሜን ካሮላይና ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ጄ አሬና ይህን እያዩ አምራቾቹን ማሸጊያችሁን አስተካክሉ እያሉ ጎተጎቱ። ከጊዜ በኋላ በአንድ ጠርሙስ የሚታሸገው የልጆች አስፒሪን ከ36 ኪኒን እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሐሳቡ ልጁ ጠርሙሱን ማግኘቱ ባይቀርም፣ ቢጨርሰው እንኳ የመትረፍ ዕድሉ እንዲሰፋ ነው። አደጋውን በቁጣና በምክር ከመከላከል ይልቅ ከማሸጊያው ላይ መቀነስ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ሐኪሞች አንድ ሌላ ችግር ነበረባቸው። በ1952 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ባደረገው ጥናት በልጆች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ግማሽ ያህሉ በስህተት መመረዝ ሆኖ ተገኘ። እናት ልጇን ታቅፋ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዛ ሆስፒታል ስትደርስ ግን ተረኛው ሐኪም በጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደነበረ አያውቅም። የጫማ ቀለም፣ የብር መወልወያ ወይም የአይጥ መርዝ ከምን እንደተሠራ በማሸጊያው ላይ አይጻፍም ነበር፤ ብዙው የኩባንያ ምስጢር ነው።

በቺካጎ ሴንት ሉክ ሆስፒታል ሉዊስ ግዳልማን የሚባሉ ፋርማሲስት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይህን ክፍተት በካርድ ይሞሉት ነበር። እያንዳንዱ ሸቀጥ ምን እንደያዘ፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግና እንዴት እንደሚታከም በየካርዱ ይጽፋሉ። ወሬው እየተሰማ ሲሄድ የሌሎች ሆስፒታሎች ሐኪሞችም ቀን ከሌት ይደውሉላቸው ጀመር። በ1953 ዶክተር ኤድዋርድ ፕሬስና ባልደረቦቻቸው የከተማዋን ሆስፒታሎች አስተባብረው የአሜሪካን የመጀመሪያ የመርዝ መረጃ ማዕከል ሲያቋቁሙ፣ የግዳልማን ካርዶች ዋነኛ ሀብቱ ሆኑ።

ሐሳቡ በፍጥነት ተዛመተ። በ1957 መረጃውን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለየማዕከሉ የሚያሰራጭ የፌዴራል ቢሮ ተከፈተ፤ በ1958 ማዕከላቱ ማኅበር መሠረቱ። በ1960 የወጣው ሕግ አደገኛ የሆኑ የቤት ውስጥ ሸቀጦች ሁሉ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው አዘዘ። መስከረም 1961 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በየዓመቱ የመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ስለ መመረዝ መከላከል ትምህርት የሚሰጥበት እንዲሆን ፈረሙ። ስልክ፣ ካርድ፣ ጽሑፍ፣ የራዲዮ ማስታወቂያ ሁሉ ተሟላ። ልጆች ግን አሁንም ጠርሙስ እየከፈቱ ይጠጡ ነበር።

ቁርጥ ያለው መፍትሔ የመጣው ከካናዳ ነው። ዊንዘር ከአሜሪካዋ ዲትሮይት በወንዝ ብቻ የምትለይ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ናት። በዚያ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር አንሪ ብሮ ከ1957 ጀምሮ የከተማዋን የመርዝ ማዕከልም ይመሩ ነበር። ሌሊት ተጠርተው የልጆችን ጨጓራ ሲያጥቡ ያድራሉ፤ በማግስቱ ሌላ ልጅ ይመጣል። ለወላጆች አስተማሩ፤ በራሪ ወረቀት በተኑ፤ ቁጥሩ አልቀነሰም። አንድ ሌሊት ደክሟቸው ቤታቸው ሲገቡ ለባለቤታቸው ይህ ነገር በቃኝ፣ አንድ መላ እፈጥርለታለሁ እንዳሏት ይተረካል።

መላው ልጅ የማይከፍተው ክዳን ነበር። ብሮ ሐኪም እንጂ መሐንዲስ አልነበሩምና በከተማቸው ለመኪና ፋብሪካዎች የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ ወደሚሠራው ድርጅት ኃላፊ ወደ ፒተር ሄጅዊክ ሄዱ። ሄጅዊክ በ1967 ይዞላቸው የመጣው ክዳን የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ በመዳፍ ወደ ታች ተጭነው፣ ግፊቱን ሳይለቁ ያዞሩታል። ሳይጫኑ ቢያዞሩት አይላቀቅም፤ ሳያዞሩ ቢጫኑትም እንዲሁ። ትልቅ ሰው ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ሳያስብ አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ወይ ይጫናል፣ ወይ ያዞራል፣ ወይ ይነክሳል፤ ሁለቱን አቀናጅቶ ለመሥራት እጁም አእምሮውም ገና ነው። መዳፉም አነስተኛ ነው፤ ጉልበቱም አይበቃም።

የዊንዘርና የአካባቢው የኤሴክስ አውራጃ ፋርማሲዎች መድኃኒት በአዲሱ ክዳን ማሸግ ጀመሩ። በአውራጃው የሕፃናት መመረዝ በ91 በመቶ ቀነሰ። ልጆቹ የበለጠ ጨዋ አልሆኑም፤ እናቶቹም ድንገት የበለጠ ንቁ አልሆኑም። በዋሽንግተን ግዛት የማዲጋን ጦር ሆስፒታል ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሮበርት ሸርዝ ይህንኑ ክዳን በወታደር ቤተሰቦች ዘንድ ሞክረው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። የኦንታሪዮ ግዛት በ1974 ክዳኑን አስገዳጅ አደረገ።

አሜሪካ ቀደመች። ታኅሣሥ 30 ቀን 1970 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን መመረዝን የሚከላከል ማሸጊያ የሚያስገድደውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉን ለማስፈጸም የወጣው ፈተና በራሱ የሚያስገርም ነው፤ ፈታኞቹ ሕፃናት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 51 ወር የሆኑ እስከ 200 የሚደርሱ ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተቀምጠው ጠርሙሱ ይሰጣቸውና እንዲከፍቱት ይነገራቸዋል። አምስት ደቂቃ ይታገላሉ። ያልቻለው ልጅ ፊት አንድ ትልቅ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሳያል፤ ከፈለገ በጥርሱም መጠቀም እንደሚችል ይነገረዋል፤ አምስት ደቂቃም ይጨመርለታል። ከማሳየቱ በፊት ቢያንስ 85 በመቶ፣ በጠቅላላው ደግሞ ቢያንስ 80 በመቶ የሚሆኑት ልጆች ካልከፈቱት ክዳኑ አለፈ። ከትልልቅ ሰዎች ግን ቢያንስ 90 በመቶው ሊከፍቱት ይገባል። ስለዚህ ከአምስት ልጆች አንዱ ሊከፍተው የሚችል ክዳንም በሕጉ ተቀባይነት አለው። ክዳኑ ጊዜ ይገዛል፤ ሰው እስኪደርስ ልጁን ያዘገየዋል እንጂ መድኃኒቱን ከፍ ባለ ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥን አይተካም።

በ1972 አስፒሪን፣ ቀጥሎም ሐኪም የሚያዛቸው የሚዋጡ መድኃኒቶች በዚሁ ክዳን መሸጥ ጀመሩ። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 216 ልጆች በስህተት በመመረዝ ሞተው ነበር፤ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ቁጥሩ በዓመት ወደ 30 አካባቢ ወረደ። የሕክምናው መሻሻልና የመርዝ ማዕከላቱም ድርሻ አላቸው። ክዳኑ ብቻውን ያደረገውን ለመለየት የተሠራና በ1996 የታተመ ጥናት፣ በሐኪም በሚታዘዙ መድኃኒቶች ላይ የተገጠመው ክዳን ከ1974 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት 460 ገደማ ሕፃናትን ከሞት እንዳዳነ ገምቷል።

ክዳኑ ግን ተቺ አላጣም። በ1980ዎቹ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኪፕ ቪስኩሲ ክዳኑ ወላጆችን አዘናግቷል ሲሉ ተከራከሩ፤ ሰው ጥበቃ አለ ብሎ ሲያምን ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ይተወዋል የሚል ነው ነገሩ። ሌላም ችግር ነበር፤ ጣታቸው በቁርጥማት የተያዘ አረጋውያን ክዳኑ ስለማይከፈትላቸው ጨርሶ ሳይገጥሙት ያስቀምጡት ነበር። የልጅ ልጅ ሊጠይቃቸው ሲመጣ የተከፈተ ጠርሙስ ያገኛል። ለዚህ መልስ የተሰጠው በ1995 ነው። ፈተናው ተሻሻለና ክዳኑን መክፈት መቻላቸው የሚለካው ትልልቅ ሰዎች ከ50 እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ያላቸው እንዲሆኑ ተወሰነ። አሮጊቷ የምትከፍተው፣ ሕፃኑ የማይከፍተው ክዳን መሥራት የአምራቹ ፋንታ ሆነ።

ማስጠንቀቂያውን ለልጅ በሚገባው መንገድ ለማድረግም ተሞክሯል። በ1971 የፒትስበርጉ ሐኪም ዶክተር ሪቻርድ ሞሪያርቲ የራስ ቅልና የተመሳቀሉ አጥንቶች ምልክት ልጆችን እንደማያስፈራ አሰቡ፤ የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን «የባሕር ወንበዴዎቹ» ስለሚባል ልጆቹ ምልክቱን የሚያውቁት ከጨዋታ ጋር ነው። ስለዚህ ምላሱን ያወጣ፣ የተጨማደደ አረንጓዴ ፊት አዘጋጅተው ሚስተር የክ ብለው በየጠርሙሱ አስለጠፉ። ምልክቱ ታዋቂ ሆነ፤ ወላጆችንም የማዕከሉን ስልክ ቁጥር አስታወሰ። ትንንሽ ልጆችን ግን አላራቀም፤ በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንዲያውም አንዳንዶቹ ተለጣፊው ወዳለበት ዕቃ ይሳቡ እንደነበር አሳዩ። በ1927 በጽሑፍ ያልተቻለው በሥዕልም አልተቻለም።

በ1990ዎቹ የክዳኑ ሐሳብ ወደ አፍሪካ ደረሰ። በደቡብ አፍሪካ መብራት ባልገባባቸው መንደሮች ላምባ በየቤቱ ለምድጃና ለኩራዝ ይገባል፤ የሚቀመጠውም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው። ላምባ የጠጣ ልጅን የሚገድለው በአብዛኛው ወደ ጨጓራ የወረደው ሳይሆን ወደ ሳንባ የገባው ነው። በ1994 የታተመ ጥናት እንደዘገበው፣ ተመራማሪዎች በአንድ ገጠራማ አካባቢ ልጅ የማይከፍታቸውን የላምባ መያዣዎች ለየቤቱ አደሉ፤ ላምባ የሚጠጡ ልጆች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ለመፍትሔው የመብራት መስመር እስኪዘረጋ መጠበቅ አላስፈለገም።

አዲሱ ምዕተ ዓመት ሲገባ አንድ የቆየ ምክር ተሻረ። ከ1965 ጀምሮ የአሜሪካ ወላጆች አይፔካክ የተባለ የሚያስመልስ ሽሮፕ በቤታቸው እንዲያኖሩ ይመከሩ ነበር። በ2003 የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሽሮፑን ጣሉት አለ፤ ማስመለስ ልጆችን እንደሚያድን ማስረጃ አልተገኘም። የሚለበልብ ኬሚካል ሲወጣም ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል፤ ላምባ ደግሞ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ መላው አሜሪካ የሚጠቀምበት አንድ ነፃ የስልክ መስመር ተዘርግቶ ነበር፤ 1-800-222-1222። እንግሊዝኛ ለማይችል ደዋይ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም ያገለግላል። አማርኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩባት በእስራኤልም ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ሃይፋ በሚገኘው ራምባም ሆስፒታል ያለው ማዕከል ነው።

በ2008 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት ዘገባ በ2004 ከ45,000 በላይ ሕፃናትና ወጣቶች በመመረዝ እንደሞቱ ተገለጠ። ድሃ በሆኑ አገሮች የሞቱ መጠን ከሀብታሞቹ በአራት እጥፍ ይበልጣል። በሀብታሞቹም ቢሆን አምራቹ አዲስ ነገር ባወጣ ቁጥር ታሪኩ ይደገማል። በ2012 ልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ በቀጭን ልባስ እየተጠቀለለ በአሜሪካ ገበያ ሲሞላ ቀለሙና ልስላሴው ከረሜላ አስመሰለው፤ በ2012 እና በ2013 ብቻ ከስድስት ዓመት በታች ስለሆኑ 17,230 ልጆች ለመርዝ ማዕከላት ተደወለ። በ2015 የወጣው ደረጃ ሣጥኑ ውስጡን የማያሳይና ለመክፈት የሚያስቸግር፣ ልባሱም የሚመር እንዲሆን ጠየቀ። በ2022 ደግሞ ክብ የአዝራር ባትሪ የሚገባባቸው ዕቃዎች ክፍላቸው ልጅ የማይከፍተው እንዲሆን ሕግ ወጣ። የተዋጠ ባትሪ በምግብ ቧንቧ ላይ ሲጣበቅ በኤሌክትሪኩ ኃይል እዚያው የሚለበልብ ኬሚካል ይፈጥራል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ያደርሳል።

በኢትዮጵያ ከተሞች በረኪና በየሱቁ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ውኃ ተሸጦበት ባለቀ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ። ላምባም እንዲሁ። ለልጁ ጠርሙሱ የታወቀ ነው፤ ትናንት ውኃ የተሰጠው በእሱ ነው። ወላጅ ደግሞ ችግሩ ሲደርስ ወተት አጠጥቶ ለማስመለስ ይሞክራል። በረኪና፣ ላምባ ወይም ሌላ ኬሚካል የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይገደድም፤ ጠርሙሱ ተይዞ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያውያን ቤቶችም የራሱ የሆነ ችግር አለ። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡ እናት የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን በፌስታል ቋጥረው ትራስ ሥር ወይም በቦርሳቸው ያኖሩታል። ክዳን የሚባል ነገር የለውም፤ ለትልቅ ሰው የታዘዙት ጥቂት ኪኒኖች ደግሞ ለሁለት ዓመት ልጅ ሊከብዱት ይችላሉ።

በረኪናውን በራሱ ጠርሙስ ከፍ ባለ ቦታ ማኖር፣ ላምባን በውኃ ጠርሙስ አለመቅዳት፣ የእንግዳን ቦርሳ ከልጅ ማራቅ ዛሬውኑ በየቤቱ የሚቻል ነው። የዊንዘሩ ሐኪም ብሮ ግን ይህንኑ ለዓመታት ሲያስተምሩ ኖረው ቁጥሩ አልወረደላቸውም፤ የወረደው የክዳኑ ጉዳይ ከእናትየዋ ላይ ተነሥቶ በአምራቹና በፋርማሲው ላይ ሲወድቅ ነው። በረኪና ቀድቶ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የሚያመርት ፋብሪካና ደረጃ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ስለ ጠርሙሱና ስለ ክዳኑ ሊጠየቁ የሚገባውም ስለዚህ ነው።